የ7 ወር ድመት፣ ኤፍ.አይ.ፒ (ከድመት ኮሮና ቫይረስ የሚመጣ ከባድ በሽታ) ተብሏል፤ ባለ 50 ሚሊግራሙን ኪኒን እንዴት ልከፋፍለው?

የቱሉዲምቷ፦

ሰላም ለቤቱ። ወንድ ድመት፣ 7 ወሩ፣ በወጥ ቤት ሚዛን 2.1 ኪሎ። ሆዱ እየተነፋ የጀርባ አጥንቱ እየሾለ ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆነው። ትኩሳቱ 40.1። የሰፈራችን የከብት ክሊኒክ አምስት ቀን ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ አንቲባዮቲክ) ወጋው፣ አንድ ዴክሳም (ዴክሳሜታዞን፣ ስቴሮይድ) ጨመረ። በዴክሳው ቀን በላ፣ በሦስተኛው ቀን ወደነበረበት ተመለሰ። የትል መድኃኒት ወስዷል፤ ሆዱ ግን አልጎደለም። ሌላ ሐኪም በመርፌ ከሆዱ ትንሽ ፈሳሽ ቀዳ፤ ቢጫ ነው፣ በሁለት ጣት መሃል ሲይዙት ይለጠጣል። የደም ውጤቱ ጠቅላላ ፕሮቲን 9.1፣ አልቡሚን 2.0 ይላል። «ኤፍ.አይ.ፒ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

ዘመድ ከውጭ በማዘዣ የተገዛ ጂኤስ-441524 (የኤፍ.አይ.ፒ ቫይረስ መድኃኒት፣ ባጭሩ ጂኤስ) ይዞ እየመጣ ነው፤ ባለ 50 ሚሊግራም፣ 30 ፍሬ። በቀን ስንት ልስጠው? 30 ፍሬ ይበቃል? ካልበቃ ለሰው ኮሮና የሚሰጠው ሞልኑፒራቪር ይተካዋል? የሆዱን ውሃስ ላስቀዳው? ሌሎች ሦስት ድመቶች አሉኝ፣ ልለያቸው?

ባለስቴቶ (የእንስሳት ሐኪም)፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ከ9.1 ላይ 2.0 ሲነሳ ግሎቡሊኑ (ከአልቡሚን ሌላ ያለው የደም ፕሮቲን) 7.1 ነው። አልቡሚኑን ለግሎቡሊኑ ስታካፍዪው 0.28 ይመጣል። ከ0.4 በታች ሲወርድ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ከ0.8 በላይ ቢሆን «ሌላ በሽታ ፈልጉ» እልሽ ነበር። ዕድሜው፣ ለኦክሲ ያልተበገረው ትኩሳትና የሚለጠጠው ፈሳሽም ወደዚያው ይጎትታሉ።

ግን እኛ አካባቢ ሆዱ የተነፋ ድመት ሁሉ ኤፍ.አይ.ፒ የለበትም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች የከብት ቲቢ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ጥሬ ወተትና ጥሬ ሳንባ የሚበላ ድመት ሆዱ ውስጥ ቲቢ ሊይዘው ይችላል። የተበሳ አንጀትና የሊምፍ ካንሰርም ፈሳሽ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ የተቀዳው ፈሳሽ ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ባክቴሪያ የዋጡ ነጭ ሴሎች ከታዩ መግል ነው፣ ጂኤስ አይነካውም። ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል እዚያ ነው። ፈሳሹን ይዘሽ ሳይሆን ድመቱን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን መጠኑ። ሆድ ወይም ደረት ውስጥ ፈሳሽ ላለውና ዓይኑም አንጎሉም ላልተነካ ድመት በአፍ 15 ሚሊግራም በኪሎ፣ በቀን አንድ ጊዜ። ዓይን ከተነካ ከ15 እስከ 20። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ከተነካ 20 በኪሎ፣ ጠዋት 10 ማታ 10 ተብሎ ይከፈላል፤ መድኃኒቱ ወደ አንጎል የሚያልፈው በጥቂቱ ስለሆነ ነው። ያንቺ 2.1 ኪሎ በ15 ሲባዛ 31.5 ሚሊግራም ነው። ግማሽ ኪኒን 25 ብቻ ነው፣ ያንሳል። ሦስት ሩብ 37.5 ነው፣ በትንሹ ይበልጣል። ሦስት ሩቡን ስጪው። እዚህ በሽታ ላይ ትንሽ ማብዛት ብዙም አይጎዳም፤ ማሳነስ ነው ድመቱን የሚገድለው።

ይህን ዝም ብዬ አይደለም የምለው። በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የኒልስ ፒደርሰን ቡድን ባወጣው ጥናት 31 ድመቶች በጂኤስ መርፌ ታከሙ፤ 26ቱ 12 ሳምንቱን ጨረሱ። የተጀመረው በ2 ሚሊግራም በኪሎ ነበር፣ ስምንቱ አገረሸባቸው። መጠኑ ወደ 4 ከፍ የተደረገላቸው ዳኑ። በዚያው በ2 ከተደገመላቸው ሦስቱ አንዱ አንጎሉ ተነክቶ ሞተ፣ ሁለቱ እንደገና አገረሸባቸውና 4 ሲደርሱ ነው የተነሱት። (የመርፌውን ቁጥር ከኪኒኑ 15 ጋር አታወዳድሪ፤ በአፍ ሲሰጥ ከፊሉ ሳይመጠጥ ያልፋል፣ የሚመከረውም መጠን ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል።)

ውሃውን ስለማስቀዳት፦ የሆዱን ተዪው። ፈሳሹ ፕሮቲን የበዛበት ነው፣ በቀዳሽው ቁጥር ሰውነቱ ካለው ላይ እየቀነሰ ይተካዋል። መድኃኒቱ ከሠራ በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ይመጠጣል። ደረት ውስጥ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተኝቶ ሳለ ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል በደቂቃ ቁጠሪ፤ ከ40 ካለፈ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ያኔውኑ ወደ ሐኪም።

ዴክሳውን አትድገሚው። ትኩሳቱን ዝቅ አድርጎ ያታልላል፣ ጂኤስ ይሥራ አይሥራ እንዳናውቅም ያደርገናል። ትኩሳት ነው ብሎ ፓራሲታሞል የሚያቀብልሽ ካለ ደግሞ በፍጹም፤ ለድመት ሩብ ኪኒንም መርዝ ነው።

ላብ ጓዳ፦

ዶክተር ካሉት ላይ አንድ ርካሽ ምርመራ ልጨምር፣ ሪቫልታ ይባላል። ንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውስጥ 8 ሚሊ የተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ፤ ለመኪና ባትሪ መጨመሪያ የሚሸጠው ይሆናል፣ የባትሪ አሲዱን እንዳታነሺ እንጂ)፣ በላዩ 98 በመቶ አሴቲክ አሲድ አንድ ጠብታ፣ በደንብ መነቅነቅ። ከዚያ ከድመቱ የተቀዳውን ፈሳሽ አንድ ጠብታ ከውሃው ወለል ላይ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ። ጠብታው ተበትኖ ውሃው ጥርት ካለ ኔጌቲቭ ነው። ቅርጹን ይዞ ከላይ ከቀረ፣ ወይም እንደ እንቁላል ነጭ ጭራውን እየጎተተ ቀስ ብሎ ከወረደ ፖዘቲቭ።

ያ አሲድ ከሌለ ነጭ አቼቶ ይሠራል፣ ግን አንድ ጠብታ አይበቃም። 5 በመቶ አቼቶ ከሆነ ተመሳሳይ ኮምጣጣነት ለማግኘት በስሌት ወደ 1 ሚሊ ይመጣል፣ ውሃውን 7 ሚሊ አድርጎ። ቀይ አቼቶ አይሁን፣ ጠብታውን አታዪውም። ፈሳሹ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቂ።

የምርመራው ጉልበት ያለው ኔጌቲቭ ሲሆን ነው፤ ኤፍ.አይ.ፒ የመሆኑን ዕድል በጣም ያሳንሰዋል። ፖዘቲቩ ግን በመግልም በሊምፍ ካንሰርም ይወጣል፣ ብቻውን አይታመንም።

ደሙን የሰው ላብራቶሪ ከወሰድሽው፣ ፕሮቲንና አልቡሚኑ ችግር የለበትም። ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ላይ ነው ጥንቃቄው። የድመት ቀይ ሴል ትንሽ፣ ፕሌትሌቱ ትልቅ ስለሆነ ለሰው የተስተካከለው ማሽን አንዱን ከሌላው ያምታታል፤ «ፕሌትሌቱ አለቀ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ስላይድ አቅልመው በዓይን እንዲቆጥሩልሽ ጠይቂ። ሊምፎሳይት ዝቅ፣ ቢሊሩቢን ከፍ፣ መለስተኛ ደም ማነስ፤ እነዚህ ናቸው የሚጠበቁት።

ሚሊግራም (ፋርማሲስት)፦

ሂሳቡን ልጨርስልሽ። ሦስት ኪኒን ስትሰነጥቂ 12 ሩብ ይወጣል፣ በቀን ሦስት ሩብ ነውና ለ4 ቀን። 30 ፍሬ 40 ቀን ይሄዳል ማለት ነው፣ ድመቱ ካልከበደ። ግን መክበዱ አይቀርም። ሦስት ሩቡ የሚያዋጣው እስከ 2.5 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 3.3 ኪሎ ሙሉ ኪኒን። ከ3.3 ሲያልፍ አንድ ከሩብ። ሙሉ ሕክምናው 84 ቀን (12 ሳምንት) ነው፤ ለዚያ፣ መጀመሪያው አራት ሳምንት በሦስት ሩብ 21 ፍሬ፣ የቀረው 56 ቀን በሙሉ ኪኒን 56፣ ድምሩ 77። ሲሰነጠቅ ለሚፈረፍረውና ለሚተፋው ጨምረሽ 85 ያዢ። የሁለተኛውን ዙር ግዢ የመጀመሪያው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ዛሬ ጀምሪው። በ35ኛው ቀን መድኃኒት አልቆበት ለሳምንት የተቋረጠ ድመት ሊያገረሽበት ይችላል፤ የተረፈው ቫይረስም መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል።

42 ቀን ይበቃል ሲባል ትሰሚ ይሆናል። በ2024 የወጣ የሙኒክ ጥናት አለ፦ ፈሳሽ ያለባቸው 40 ድመቶች፣ በአፍ 15 በኪሎ፣ ግማሾቹ 42 ግማሾቹ 84 ቀን፣ ውጤቱ እኩል። ግን እነዚያ ድመቶች በየጊዜው ደማቸው እየታየ ነው የተከታተሉት። በ6ኛው ሳምንት ደም ማስመርመር የማትችዪ ከሆነ 84ቱን ቁጠሪ።

ኪኒኑን በመቁረጫ ቁረጪው፣ በቢላ ይፈረፈራል። ደቅቆ በውሃ ይበጥበጥ የሚል ምክር አልወድም፤ በውሃ በደንብ አይሟሟም፣ ሥሩ ይዘቅጣል፣ ዛሬ 20 ነገ 45 ሚሊግራም ትሰጪዋለሽ። ፈሳሹ የሚዋጥለት ከሆነ በፋብሪካ የተዘጋጀው ባለ 50 ሚሊግራም በሚሊ አለ፤ ለ2.1 ኪሎ 0.63 ሚሊ ነው፣ በ1 ሚሊ ሲሪንጅ ይቀዳል፣ ከመቅዳትሽ በፊት በደንብ ይነቅነቅ። ሌላው ጥንቃቄ፦ ከኢንተርኔት ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ጂኤስ ላይ «ለ1 ኪሎ አንድ ፍሬ» ብቻ ተጽፎ ሚሊግራሙ የማይታወቅ ብዙ ነው፣ በውስጡ ያለውም ከተጻፈው ሲለያይ ተገኝቷል። መጠን ልታሰዪለት አትችዪም።

ሞልኑፒራቪር ይሠራል። ቆጵሮስ በ2023 ብዙ ድመት ሲያልቅባት በነሐሴ ወር የሰው ኮሮና መድኃኒቷን ለድመት ፈቅዳለች። እኔ ግን ተጠባባቂ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። መጠኑ ከ10 እስከ 15 በኪሎ፣ በየ12 ሰዓቱ። ለ2.1 ኪሎ በ12 ብንይዘው 25 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው። ባለ 200ው ካፕሱል ስምንት ቦታ ይከፈላል፣ የአራት ቀን። ዱቄቱን በዓይን አትክፈዪው፤ ከመድኃኒቱ ሌላ መሙያም ስላለበት ጠቅላላው ከ200 ሚሊግራም ይበልጣል። ሙሉውን ዱቄት በወርቅ ቤት ሚዛን (እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ) መዝኖ ለስምንት ማካፈልና በቁጥር 4 ባዶ ካፕሱል መሙላት ነው ትክክለኛው፤ ፋርማሲ ያስሠሩት። ጓንትና ማስክ ይደረግ፣ ነፍሰ ጡር እንዳትነካው። መጠኑ ሲበዛ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ጢሙ ይሰበራል፣ ጆሮው ይታጠፋል። ለዚህ ነው በየሁለት ሳምንቱ ደም የሚታየው።

የቱሉዲምቷ፦

ዶክተር፣ ሚሊግራም፣ ላብ ጓዳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሪቫልታው በነጭ አቼቶ ተሠራ፣ ጠብታው ጭራ አውጥቶ ወረደ። ስላይዱ ላይ ባክቴሪያ የለም። ኪኒኑ ዛሬ ደረሰ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ይተፋል፣ አረፋ ይደፍቃል። ሌላው፣ እየባሰበት መብላት ቢያቆም የሬምዴሲቪር መርፌ መያዝ አለብኝ? እኛ ጋ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል።

ሰባት ጅራት፦

አረፋው ምሬቱ ነው እንጂ መመረዝ አይደለም። ሦስቱን ሩብ ባዶ ካፕሱል ውስጥ ክተቻቸው፣ ካልገባ በሁለት ካፕሱል። የካፕሱሉን ጫፍ በትንሽ ቅቤ አለስልሺው። በግራ እጅሽ ጉንጩን ይዘሽ ራሱን ወደ ላይ ስታደርጊው የታች መንጋጋው ይላላል፤ ካፕሱሉን ምላሱ ላይ በደንብ ወደ ኋላ አድርጊና አፉን ዝጊ፣ ጉሮሮውን በጣት ወደ ታች አባብሺው። ወዲያው በሲሪንጅ 2 ሚሊ ውሃ በጉንጩ በኩል። ይህን አትዝለዪ፤ ደረቅ ካፕሱል ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። በባዶ ሆድ ስጪው፣ ምግቡን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በኋላ። ወዲያው አስመልሶ ኪኒኑን ካየሽው ድገሚ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ ተዪው። ሰዓቱን በስልክሽ አስደውዪው፣ በየቀኑ ያው ሰዓት።

ሌሎቹን ድመቶች መለየት ከንቱ ድካም ነው። ተራው የድመት ኮሮና ቫይረስ በአሸዋ ሳጥን በኩል ገና ድሮ ደርሷቸዋል። ኤፍ.አይ.ፒ የሚሆነው በአንዳንዱ ድመት ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ ሲለወጥ ነው፣ የተለወጠው ደግሞ እንደ ጉንፋን አይዛመትም። (የቆጵሮሱ ዝርያ ለየት ያለ ነበር፣ ከውሻ ኮሮና ጋር የተዳቀለ።) ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳጥኑ ላይ ግን ሥራ አለ፦ ለአራት ድመት አምስት ሳጥን፣ ከምግቡ ራቅ ብሎ፣ በየቀኑ መጥረግ። ቫይረሱ የደረቀ ዓይነ ምድር ላይ ለሳምንታት ይቆያል። በረኪና ከማፍሰስሽ በፊት ሳጥኑን በሳሙና እጠቢው፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ሕክምናው እስኪያልቅ አዲስ ግልገል አታስገቢ፣ ይኮላሽ የሚለውንም አዘግዪው። እሱ ላይ ጭንቀት አትጨምሪ።

ባለስቴቶ (የእንስሳት ሐኪም)፦

መርፌው ላይ፦ ሬምዴሲቪር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ጂኤስ የሚለወጥ ነው፣ ኪኒን ለማይዋጥለት ድመት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሻግራል። ነገር ግን የሰው ባለ 100 ሚሊግራም ብልቃጥ በ19 ሚሊ ውሃ ሲበጠበጥ 5 ሚሊግራም በሚሊ ነው የሚሆነው። ላንቺ ድመት 6.3 ሚሊ ማለት ነው፣ በቆዳ ሥር ለሁለት ኪሎ ድመት ብዙና የሚያም። ከተበጠበጠ በኋላም ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ለቀናት አይቆይም። መብራት በሚጠፋበት ቤት በደም ሥር ለመስጠት ክሊኒክ ካልተኛ አልመክርም። ኪኒኑ ፍሪጅ አይፈልግም፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ብቻ ጠብቂው።

የምትመዘግቢው፦ ትኩሳት ጠዋትና ማታ፣ ክብደት በሳምንት ሁለቴ፣ የበላው። ትኩሳቱ በሁለት ሦስት ቀን መውረድ ይጀምራል። በአምስት ቀን ትኩሳቱም የምግብ ፍላጎቱም ምንም ካልተለወጠ መድኃኒቱን ከመውቀስሽ በፊት መጠኑን፣ መዋጡን፣ ከዚያ ምርመራውን ራሱን እንደገና እንይ። ቲቢ ያልኩሽን ያኔ አስታውሺ። ደም በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት። ኤኤልቲ (የጉበት ኢንዛይም) መጠነኛ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ለዚያ ብለሽ አታቁሚ። ሲጨርስ ደግሞ ሌላ 12 ሳምንት ክትትል አለ፣ አብዛኛው የሚያገረሸው በዚያ ውስጥ ነው። ካገረሸ መጠኑ ከፍ ይላል፤ በድሮው መጠን አይደገምም።

ዓይኑን በየሳምንቱ በመስኮት ብርሃን እዪው፦ አንዱ ብሌን ከሌላው ሰፋ ካለ፣ የዓይኑ ቀለም ከደፈረሰ። የኋላ እግሩ ከተጠላለፈ ወይም ካንቀጠቀጠው የአንጎል መጠን ውስጥ ገብተናል፣ ግማሽ ኪኒን ጠዋት ግማሽ ማታ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ፣ ከግቢ የሚወጣ ድመት ድንገት ቢናከስ ወይም ቢንገዳገድ ኤፍ.አይ.ፒ ነው ብለሽ በባዶ እጅሽ አፉን አትክፈቺ። ከነከሰሽ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥበሽ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ።

የቱሉዲምቷ፦

አምስተኛ ቀን። ትኩሳት 38.7፣ ራሱ መጥቶ በላ። ክብደቱ ግን 2.1 የነበረው 1.95 ሆኗል። በ15 ሲባዛ 29 ነውና ኪኒኑን ወደ ግማሽ ላውርደው?

ባለስቴቶ (የእንስሳት ሐኪም)፦

አታውርጂው። የቀነሰው ሥጋ ሳይሆን የሆዱ ውሃ ይመስለኛል። የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደሽ ሆዱን ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ለኪው፣ ቦታው እንዳይጠፋሽ ጸጉሩ ላይ ትንሽ ቁረጪና ምልክት አድርጊ። ሜትሩ እየጠበበ ሚዛኑ ቢወርድ ደህና ነው። ሜትሩ ባለበት ሆኖ ሚዛኑ ከወረደ ግን እየበላ አይደለም፣ ያኔ ደውዪልኝ። መጠኑ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ ሦስት ሩቡ ላይ ቆዪ፣ ሚዛኑ 2.5 ሲያልፍ ሙሉውን።